የበረንዳው ልክ

ዳንግላ ውስጥ አያ ማኑን የማያውቅ ልብስ ሰፊ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ መኪናው ተበላሽቶበት አያውቅም። ሰውየው ሕንዳዊ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ማኑባይ ነበር፤ ዳንግላ ግን ረዥም ስም ስለማትወድ ጫፉን ቆርጣ ጣለችና ከፊቱ «አያ» ጨመረችለት። ሥራው የስፌት መኪና መጠገን ነው። ከቆሰበር እስከ ግምጃ ቤት፣ በገበያ ቀን ሸራ ወጥሮ ፔዳል የሚረግጥ ሰፊ ሁሉ፣ መኪናው ክር መበጠስ ስትጀምር «አያ ማኑ ይያት» ይላል። አማርኛው የጎጃም ነው። ሚስቱ ስሜነሽ የፋግታ ገጠር ልጅ ስለሆነች በአገውኛም ሲሰድቡት ይሰማል፤ መልስ መስጠትም ያውቅበታል።

የዚያን ዕለት ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የአንዷን መኪና ሆድ ከፍቶ ሲጎረጉር፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨች መጣች።

«የከተማችን ነዋሪዎች! አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት የትውልድና የነዋሪነት ማስረጃችሁን ይዛችሁ በዘጠና ቀን ውስጥ ቀበሌ ቀርባችሁ ተመዝገቡ! በዘጠና ቀን ውስጥ ያልተመዘገበ የከተማው ነዋሪ ተደርጎ አይቆጠርም!»

ካቻቢቴው ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ።

«ምን ወደቀ?» አለች ስሜነሽ ከውስጥ።

«ምንም» አለ። በሃምሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ከዋሻት ውሸት ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር።

ማኑ ዘጠና ቀንን ያውቀዋል። ሃያ ዓመቱ ሳለ አንድ ጊዜ ኖሮበታል። አገሩ ኡጋንዳ ነበር፤ ናይል ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ተነሥቶ ጉዞ የሚጀምርባት ጂንጃ የምትባል ከተማ። አባቱ እዚያ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ማኑ የተወለደው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ሕንድ አገርን በካርታ እንጂ በዓይኑ አይቷት አያውቅም። በ1964 ነሐሴ ላይ የአገሩ ገዥ፣ ያ ደረቱን በሜዳልያ የለበጠ ጄኔራል፣ በራዲዮ ብቅ አለና «በሕልሜ ታዝዣለሁ፤ ሕንዶች በዘጠና ቀን ውስጥ አገሬን ለቀው ይውጡ» አለ። ሰው ሕልም ያየ እንደሆነ ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ እሱ ለራዲዮ ነገረው።

የማኑ አባት በመጀመሪያ ሳቀ። የዜግነት ወረቀት ነበረው እኮ! በማኅተም፣ በፊርማ። «ይኼ እኛን አይመለከትም» ብሎ ወረቀቱን በኪሱ ከትቶ ካምፓላ ሄደና ተሰለፈ። ማኑ ከኋላው ቆሞ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተራቸው ደረሰ። ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፤ ገልብጦም አየው። «ይህ አይሠራም» አለና ለሁለት ቀደደው። ሳይቆጣ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ፣ እንደ አሮጌ ደረሰኝ። አባቱ ጎንበስ ብሎ ቁራጮቹን ከመሬት ለቀመ። ማኑ በዕድሜው ካየው ነገር ሁሉ አብልጦ የሚጠላው ያንን ጎንበስ ማለት ነው።

ከዚያ ጎረቤቶች መምጣት ጀመሩ። ክፉዎች አልነበሩም። ሻይ ይጠጣሉ፣ ከልባቸው ያዝናሉ፤ ሲወጡ ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ይውላል። በመጨረሻው ሳምንት አንደኛው፣ ማኑን አዝሎ ያሳደገ ያህል የሚቀርባቸው ሰው፣ ሜትር ይዞ መጣና የሱቁን በረንዳ ለካ። «አዲስ መደርደሪያ ይገባ እንደሆነ ብዬ ነው» አላቸው። የማኑ እናት በሩ ላይ ቆማ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ውኃ ሰጠችው።

ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። ማኑን ግን አባቱ «ይኼ ሰውዬ ዓመት አይሞላም፤ አንተ ቅርብ ሁንና ሱቁን ቀድመህ ትከፍታለህ» ብሎ ዳንግላ ሒሳብ ወደሚያስተምረው አጎቱ ላከው። ሰውየው ስምንት ዓመት ገዛ። አጎትየው አብዮቱ ሲመጣ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ማኑ ቀረ። ለምን እንደቀረ ከተማው ያውቃል፤ ስሜነሽ የእናቷን መኪና ልታሠራ መጥታ፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ምንም ሳይሆን ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። ክርስትና ተነሣ፣ ተጋቡ፤ ልጅ አልሰጣቸውም። ለእሷ ስለ ጂንጃ የነገራት «ሱቅ ነበረን፤ ጠፋ» ብሎ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ቀበሌው የሰጠው መታወቂያ ሻይ የተደፋበት መስሎ እስከ ዛሬ አለ። «የትውልድ ቦታ» የሚለው መሥመር ላይ ምንም አልተጻፈም። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ «ጂንጃ የት ወረዳ ነው?» ብሎ ጠይቆት፣ «ሩቅ ነው» ሲለው፣ ባዶውን ትቶ ማኅተሙን መታበት። ማኑ በዚያች ባዶ መሥመር ላይ ሃምሳ ዓመት ኖረ።

አሁን ባጃጇ መጣች። እሱም ወሰነ፤ በዚህ ጊዜ አይሰለፍም። ሌላ ሰው ወረቀቱን ቀዶ እስኪጥልለት ቆሞ አይጠብቅም፤ ሳይባረር ራሱ ይሄዳል። ስሜነሽ ያገሩ ልጅ ናት፤ እሱ ከሌለ እሷንም ቤቷንም የሚነካ የለም። ለእሷ ግን እንዴት ይነገራል? አይነገርም። ወዴት እንደሚሄድም አያውቅም ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ያስባል፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ መንገድ እንደተዘጋበት መኪና ቆሞ ይቀራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ማኑን ደግሞ እባቡ ነክሶታል፤ ልጥ አይቶ ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ማታውን ሻንጣውን አሰናድቶ ካልጋ ሥር ሸሸገ። ከማግስቱ ጀምሮ ቁጭ ማለት ተሳነው። ጉርሻ አፉ ውስጥ ሳለ ይነሣል። በሩ ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ የመኪና ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሰው ዕቃ በእጁ ይዞ መሄድ አልፈለገም። ከጂንጃ ሲወጡ የአንዲት ሙሽራ ጨርቅ ሳይሰፋ ሱቅ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እናቱ እስክትሞት ድረስ ስልክ በደወለች ቁጥር ደኅንነቱን ትጠይቅና «የዚያች ልጅ ጨርቅ» ትላለች። ስለዚህ ማኑ በረንዳው ላይ የተከማቸውን ሁሉ ይሠራ ጀመር። የሠራውን በሚኒባስ ጭኖ ለየባለቤቱ ያደርሳል። አንድ ቀን ግምጃ ቤት፣ አንድ ቀን ከሰል በጫኑ መኪኖች መሐል ተጋፍቶ አዲስ ቅዳም። መንገዱ በተዘጋ ቀን መናኸሪያው አጥር ሥር ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል።

ቆሰበር ላይ ውቢት የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ መርፌ እንዴት እንደሚቀየር ያስተማራት እሱ ነው። መኪናዋን አስረከባትና ምርጡን ካቻቢቴውን ከዘይት ማንቆርቆሪያው ጋር ጨመረላት።

«ይኼ ምንድን ነው አያ ማኑ?»

«ያንቺ ነው። እኔ አልፈልገውም። ደግሞ... ሳላውቅ አስቀይሜሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ።»

ውቢት ካቻቢቴውን አየች፤ እሱን አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለችና ጉልበቱን ሳመችው። ማኑ ደነገጠ። እንደሚባረር እሷም ሰምታለች ማለት ነው፤ ወሬው ቆሰበር ደርሷል!

ዳንግላም ሰምታ ኖሯል። በዚያው ሳምንት ጎረቤቶች መምጣት ጀመሩ። አንዷ እርጎ፣ አንዷ ማር ይዛ ትገባለች። አጠገቡ ተቀምጠው በዝግታ ያወራሉ፤ ልጆቻቸውን እያመጡ «መርቁልን» ይሉታል። ሳል ባለ ቁጥር እርስ በርስ ይተያያሉ። ያዘኑለት ከልብ ነው፤ ይህንን ማየት አላቃተውም። ጂንጃም ከልባቸው ነበር። እርጎውን ሳይቀምስ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ከመካከላቸው ማን ቀድሞ ግድግዳውን እንደሚያይ ይጠብቃል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ከመናኸሪያ ሲመለስ፣ በረንዳው ላይ ሽባባውን አገኘው። ሽባባው ከአጥሩ ማዶ የሚኖር ጎረቤቱ ነው፤ የእድሩም ዳኛ። አባቱ የሞቱ ቀን፣ ዝናብ መቃብሩን እየሞላ ባስቸገረበት ቀን፣ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ሲቆፍር የዋለው ማኑ ነው። ያ ሽባባው አሁን ጀርባውን ሰጥቶ፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ዘርግቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በረንዳውን ይለካል።

የማኑ ንዴት ገነፈለ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ንዴት፣ ለአንድ ሰው ይበዛል።

«ገና ዘጠናው ቀን ሳይሞላ!» ብሎ ጮኸ። «መውጣቴን እንኳ አትጠብቅም? ይኼን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ የጠበቅኸው ይኼን ነው? ሌባ!»

ሽባባው ዘወር አለ። ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «አያ ማኑ፣ እኔ እኮ...»

«ሌባ ነህ! ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሽባባው ፊት አመድ መሰለ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከመሬት አነሣ፣ ጠቀለለ፣ በአጥሩ በር ወጣ። ማኑ ያንን ጎንበስ ማለት አየው። የት እንዳየውም አወቀ።

ስሜነሽ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ወጣች። «ምን አልኸው? ሽባባውን ምን አልኸው?»

«ቤታችንን ይለካል! ስሄድ ሊወስደው!»

«የድንኳኑን ቦታ ነው የለካው፣ አንተ ሰው!»

«የምን ድንኳን?»

«ያንተን ነዋ!» አለችና አለቀሰች። «ባለፈው ለቅሶ አዲሱ የእድር ድንኳን ግቢው አልበቃ ብሎት ሰው ፀሐይ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ቀድመው ይለካሉ። አንተ እንዳትሰቀቅ ብሎ በሌለህበት መጣ። ዕቃህን ታድላለህ፤ አገር ላገር እየዞርህ ይቅር በሉኝ ትላለህ፤ እህል ትተሃል። ቀኑ ታውቆት ነው አሉ። እኔም አልሁ! እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ ሊሞት ነው ወይ ሊመነኩስ፤ አንተን ደግሞ ማን ያመነኩስሃል?»

ማኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ለካ እርጎው ለዚያ ነው። ለካ ውቢት ያለቀሰችው ለዚያ ነው። ከተማው እያስታመመው ነበር፤ እሱ እየዘረፉት መስሎት።

«ሻንጣውስ?» አለች ስሜነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካልጋ ሥር ያለው። ለሞት ሻንጣ አያስፈልግም እያልሁ ስንት ቀን ዝም አልሁ።»

ያን ጊዜ ነገራት። ሰልፉን፣ የተቀደደውን ወረቀት፣ ሜትሩን፣ የባጃጇን ዘጠና ቀን። ስሜነሽ ሊጡ እጇ ላይ እስኪደርቅ አዳመጠችው። ያዝንልኛል ብሎ የጠበቀው ልቧ ግን ተቆጣ።

«ሳትነግረኝ ልትሄድ ነበር?»

«አንቺን አይነኩሽም ብዬ ነው።»

«አንተ ጥለኸኝ ከሄድህ ወዲያ ምን ቀርቶኝ ነው የሚነኩኝ?»

ማኑ አፈረ። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሲባረሩ የሚሆነውን እያወቀ፣ እሷን ሊያደርጋት የነበረው ያንኑ ነው፤ ባዶ ቤት ውስጥ ቆማ የምትቀር ሴት።

«ተነሥ» አለችው እንባዋን በክንዷ ጠርጋ። «ነገ ቀበሌ እንሄዳለን። ምስክር የሚሆንህ የእድር ዳኛው ነው። ሌባ ያልኸው ሰውዬ። እንዴት እንደምትታረቀው አንተ ታውቃለህ።»

ያውቃል። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፤ «አውርድ» እስኪባል አያወርድም። ማኑ ድንጋይ ፍለጋ ወጣ። መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ግን ኮብልስቶኑን አጥብቀው ቀብረውታል፣ አንድም አልነቀል አለው። ይህን ያህል ድንጋይ ባለበት ከተማ ለይቅርታ የሚሆን ድንጋይ ጠፋ። ተመለሰና ከበረንዳው ጥግ የአሮጌ ስፌት መኪናውን ብረት አነሣ፤ የራሱን፣ መጀመሪያ የሠራበትን። ማጅራቱ ላይ አደረገውና እየተንገዳገደ በአጥሩ በር ገባ።

ሽባባው ደጁ ላይ መደብ ላይ ተቀምጧል። አየው፤ አልተነሣም።

«ይቅር በለኝ» አለ ማኑ።

«ሌባ ብለኸኛል።»

«ብዬሃለሁ።»

«አባቴን በዚያ ዝናብ የቀበረልኝ ሰው ሌባ አለኝ ብዬ ለማን ልናገር? ለሚስቴም አልነገርኋት። አፍሬ።»

ማኑ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ብረቱ ትንፋሹን ቆረጠው፤ የወጣለት ቃል አንድ ብቻ ነው። «ፈርቼ ነው።»

ሽባባው የማኑ እግር ከብረቱ ክብደት ሲንቀጠቀጥ አየ። ከዚያ ብድግ አለና ብረቱን ከማጅራቱ ላይ በሁለት እጁ ተቀበለው።

«አውርድ፣ አውርድ! ወገብህ ተቆርጦ ሳልለካ ድንኳን ልታስተክለኝ ነው?»

ማኑ ሊሄድ እንጂ ሊሞት እንዳልነበር አስረዳው፤ በማግስቱ ሦስት ሆነው ቀበሌ ተሰለፉ። ሽባባው ከፊት፣ ማኑ መሐል፣ ስሜነሽ ከኋላ የኮቱን ጫፍ ይዛ። ሁለት ጊዜ ከሰልፉ ሊወጣ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ ኮቱ መለሰው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ይሄይስ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነበር።

«የትውልድ ቦታ፣ አባባ?»

«ጂንጃ።»

«የት ወረዳ ነው?»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጥያቄው ከቦታው አልተነቃነቀም። ማኑ ግን በዚህ ጊዜ «ሩቅ ነው» አላለም። «ኡጋንዳ» አለ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰድዶ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። አባቱ ሲለያዩ የሰጠው ያ የዜግነት ወረቀት ነው። መሐል ለመሐል የተቀደደውን በስፌት መኪና ገጥሞ ሰፍቶታል፤ ዳንግላ ገብቶ መጀመሪያ የሰፋው ነገር እሱ ነበር። ስሜነሽ እንኳ አይታው አታውቅም።

ይሄይስ ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ወረቀቱ ግን ከማኑ ጣቶች አልላቀቅ አለ። አውቆ አይደለም፤ ጣቶቹ እምቢ አሉ። ጸሐፊው ስፌቱን አየው፤ የሽማግሌውን እጅ አየው።

«አልወስደውም አባባ» አለ። «እርስዎው ይያዙልኝ። እኔ በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ።»

አነሣው። ከዚያ ሽባባው የእድሩን ደብተር ከብብቱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ ዘረጋ። መቃብር የቆፈረ ሰው ስም በየተራው የተጻፈበት ደብተር ነው። «ማኑ» የሚለውን በጣቱ እየተከተለ፣ ለማን እንደቆፈረ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። አሥራ አራተኛው መቃብር ላይ ሲደርስ ከሰልፉ አንድ ሰው «አያቴ ናቸው» አለ።

«ለነዋሪነት ይበቃል» አለ ይሄይስ። «የዜግነቱን ነገር ግን እኔ አልወስንም። እንጅባራ፣ ወደ ዞን ይላካል። መልሱ ሲመጣ እንደውላለን።»

«እምቢ ቢሉስ?» አለ ማኑ።

ልጁ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አነሣ። «እኔ እንጃ፣ አባባ።»

ማኑ ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰ። አልተቀደደም። ልቡ ግን አላረፈም፤ በየዕለቱ ስልኩ በጠራ ቁጥር እንደሚደነግጥ ከአሁኑ ያውቃል።

ግቢው ሲደርሱ ሽባባው ወደ ቤቱ ሊያልፍ ሲል ማኑ አጥሩ ጋ አቆመው።

«ገመዱን አምጣው።»

«የምኑን ገመድ? ተው እንጂ! አልሞትም አላልህም እንዴ?»

«እሞታለሁ። ዛሬ አይሁን እንጂ መሞቱንስ እሞታለሁ። አምጣው፤ ጀምረህ አልጨረስህም።»

ሽባባው ስሜነሽን አየ። እሷ በረንዳው ላይ ያለውን ስፌት መኪና ወደ ጥግ ገፋችለት። ገመዱን አምጥቶ አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ ሊያስር ሲል፣ ማኑ ከእጁ ተቀበለውና እሱ ያዘው። ሽባባው ቋጠሮውን እየቆጠረ ወደኋላ ሄደ፤ ሄደ፣ ሄደ፣ ጀርባው በሁለቱ ቤቶች መሐል ያለውን አጥር ነካ።

«አይበቃም» አለ። «ሁለት ሜትር ያንሳል።»

«እሺ፣ ምን ይሻላል?»

ሽባባው አጥሩን በመዳፉ ገፋ አድርጎ አየው። «ይኼን በኔ በኩል እናፈርሰዋለን። ድንኳኑ ወደኔ ግቢ ይገባል።»

ማኑ ገመዱን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ።

«ሦስት አድርገው» አለ። «ሰው ይበዛል።»